ባለቤት የሌለው ባሩድ የማንን ቤት ያፈርሳል?

አንዲት ምስኪን ሴት ሻይና ዳቦ ቸርችሬ ልጆቼን ላሳድግ ብላ ብትነሣ የሚገጥማትን አበሳ የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የጤና ምርመራ፣ የወረዳ ማረጋገጫ... "ነገ ተመለሺ"፣ "ኀላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው"፣ "ማኅተም ያዢዋ ለቅሶ ሄዳለች"። ይሁን፣ ሕግ ነው እንበል። ሻይ የምታፈላ ሴት ንጽሕናዋ ቢታወቅ ለጠጪው ይበጃል። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው። ሻይ ለማፍላት ይህን ያህል ወረቀት የሚጠየቅበት አገር፣ ተራራ የሚንድ ደማሚት ለመያዝ፣ ለመሸጥ፣ በመጋዘን ለማከማቸት፣ በመኪና ጭኖ ለማጓጓዝ ምን ይጠየቃል? ጠያቂውስ ማን ነው? ከመጋዘኑ አጥር ሥር ልጆቹን አስተኝቶ የሚያድረው ጎረቤትስ አጥሩ ውስጥ ያለውን ያውቃል ወይ?

"እንዴ! ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ፈንጂ የጸጥታ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ አንተ ምን አገባህ?" የሚል አይጠፋም። እንዴት አያገባኝ! ሲፈነዳ የጸጥታ ሰዎቹን ቤት ብቻ መርጦ አያፈርስም እኮ። ነገሩ ወዲህ ነው።

የቤይሩቱ ጉድ

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 4 ቀን 2020፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ የቤይሩት ወደብ ተነሣ። ቃሉን ያጋነንነው አይምሰላችሁ። ድምፁ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ እስከምትገኘው ቆጵሮስ ድረስ ተሰማ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ወደ 7 ሺህ የሚጠጋ ቆሰለ፤ 300 ሺህ ያህል ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። ይህን ሁሉ ያደረሰው የጠላት አውሮፕላን አልነበረም፤ 12 ቁጥር በሚባል መጋዘን ውስጥ በጆንያ ተሞልቶ ለ6 ዓመት የተቀመጠ አሞኒየም ናይትሬት የሚባል ኬሚካል ነው።

ይህ ኬሚካል ሁለት ፊት አለው። በአንድ ፊቱ ማዳበሪያ ነው። በሌላ ፊቱ የማዕድን ቆፋሪዎችና የድንጋይ ካባ ሰዎች ተራራ የሚንዱበት የፈንጂ ቅመም ነው። (በነገራችን ላይ፣ የእኛ ገበሬ ከኅብረት ሥራው ተሸክሞ የሚወጣው ዩሪያ ሌላ ነው፤ ሁለቱም ማዳበሪያ ስለሚባሉ ማንም እንዳይደናገጥ።) በደንብ ከተያዘ ዝም ብሎ የሚፈነዳ ዕቃ አይደለም። እሳት ሲጠጋው፣ ሌላ ነገር ሲቀላቀልበት፣ ተከማችቶ ሲታፈን ግን ከተማ ያፈርሳል።

እንዴት እዚያ ደረሰ? ሮሱስ የምትባል የሞልዶቫን ባንዲራ የምታውለበልብ አሮጌ መርከብ በ2013 እ.ኤ.አ. ከጆርጂያው ባቱሚ ወደብ 2,750 ቶን ጭና ወደ ሞዛምቢክ ተነሣች። ዕቃውን ያዘዘው የሞዛምቢክ የፈንጂ ፋብሪካ ነበር። ካፒቴኑ በኋላ እንደተናገረው ለስዊዝ ቦይ ማለፊያ የሚከፈለው ገንዘብ ስላጠረ ተጨማሪ ጭነት ፍለጋ ቤይሩት ገባች። ገብታም ቀረች። መርከቧ ለጉዞ ብቁ አይደለችም ተባለ፤ ዕዳ ጠያቂ መጣ፤ ባለቤቷ ጥሏት ጠፋ። ካፒቴኑና ሦስት ባሕረኞች ወደ 11 ወር ገደማ መርከቧ ላይ ታግተው ከቆዩ በኋላ ተለቀቁ። ጭነቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ወደ 12 ቁጥር መጋዘን ተራገፈ። መርከቧም በ2018 እ.ኤ.አ. እዚያው ወደብ ውስጥ ሰጠመች።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። የደብዳቤ ታሪክ ነውና! የጉምሩክ ሹሞች ከ2014 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ቢያንስ ስድስት ጊዜ ለፍርድ ቤት ጻፉ፤ "ይህን አደገኛ ዕቃ ወይ ወደ ውጭ እንላከው፣ ወይ ለሠራዊቱ እንስጠው፣ ወይ ለግል ፈንጂ ኩባንያ እንሽጠው" አሉ። ሠራዊቱ ተጠየቀ፤ "እኛ አንፈልገውም" አለ። ፋይሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። ሁሉም ጻፈ፤ ማንም አላነሣም። በመጨረሻ ጁላይ 20 ቀን 2020 የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ለፕሬዚዳንቱና ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ደብዳቤ ላከ። ሁለት ሳምንት አለፈ። በአሥራ አምስተኛው ቀን መጋዘኑ ራሱ መልሱን ሰጠ።

እዚያው መጋዘን ውስጥ ርችትም ተከማችቶ ነበር። አዎን፣ ርችት! ከ2,750 ቶን የፈንጂ ቅመም ጎን ርችት የሚያስቀምጥ መጋዘን ኀላፊ ምን ዓይነት ሰው ነው ትሉ ይሆናል። ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ምናልባትም ዕቃው የእሱ ስላልሆነ፣ ቁልፉ የእሱ ስላልሆነ፣ ጥያቄውም የእሱ ስላልሆነ ያየውን እንዳላየ ያለፈ ተራ ሰው ነው። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው።

እሳቱ እንደታየ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ተጠሩ። አንዲት የሕክምና ባልደረባን ጨምሮ 10 ሆነው ሄዱ። መጋዘኑ ውስጥ ምን እንዳለ የነገራቸው አልነበረም። አሥሩም አልተመለሱም።

ቤይሩት ደግሞ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም። የስንቱ ቤት ምሰሶ የሆነች እኅት እዚያች ከተማ ውስጥ የሰው ልጅ ታሳድጋለች፣ የሰው ወለል ትጠርጋለች። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አሠሪዎቻቸው ደመወዛቸውን ሳይከፍሉ በመኪና አምጥተው ቆንስላችን በር ላይ የጣሏቸው እኅቶቻችን መንገድ ላይ ሲያድሩ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። ወር አልፎ ሌላ ወር ሳይሞላ ደግሞ ወደቡ ፈነዳ። በዚያ ቀን ኢትዮጵያዊ ደምም ፈስሷል። የትኛው ጉምሩክ ለየትኛው ዳኛ ምን እንደጻፈ የማታውቅ፣ በቋንቋውም የማትሰማ የወሎ ወይም የጅማ ልጅ የሌላ አገር መዝገብ ቤት ቸልተኝነት ሰለባ ሆነች። እስቲ ይህንን ምን አገባኝ የሚል ይምጣ!

ሕጉማ ነበረ!

አሁን ልብ በሉልን። "ሌባኖስ ሕግ ስላልነበራት ነው" የሚል ካለ ተሳስቷል። ሕግ ነበራት። የ1959 እ.ኤ.አ. የጦር መሣሪያና ጥይት ሕጓ ናይትሮጂኑ ከ33.5 በመቶ የሚበልጥ አሞኒየም ናይትሬትን ከፈንጂ መሥሪያ ዕቃ ይቆጥረዋል፤ ያለ ልዩ ፈቃድ አገር ውስጥ አይገባም። መጋዘን 12 ውስጥ የነበረው ሲመረመር 34.7 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱ ላይ ሕግ አለ፣ ላቦራቶሪው ውጤት ሰጥቷል፣ ሹማምንቱ ያውቃሉ። የጎደለው ምንድን ነው? አንድ በስሙ የሚጠራ፣ "ይህ ዕቃ የእኔ ኀላፊነት ነው፤ እስከዚህ ቀን ድረስ ካላነሣሁት እኔ ልታሰር" የሚል ሰው ብቻ ነው የጎደለው!

ፈቃድ የሚባለውን ነገር ብዙዎቻችን ስንሰማ የሚታየን መስኮት፣ ሰልፍ፣ ቴምብርና ማኅተም ነው። ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። አደገኛ ዕቃ የሚይዝ ሰው ፈቃድ ሲሰጠው መንግሥት "ያዝ" ማለቱ ብቻ አይደለም፤ "ብትበድል የምጠይቀው አንተን ነው" ማለቱ ነው። ፈቃድ የተጠያቂ ሰው ስም ነው። ስሙ ከሌለ ፈቃዱ ተራ ወረቀት ነው።

ስም ስለሌለ ፍርድም አልመጣም። ምርመራውን የያዘው የመጀመሪያው ዳኛ በ2021 እ.ኤ.አ. ከጉዳዩ እንዲነሣ ተደረገ። የተተኩት ዳኛ ታሬክ ቢታር ሹማምንትን መጥራት ሲጀምሩ አቤቱታ በአቤቱታ ላይ ዘነበባቸውና ሥራቸው ቆመ። በ2023 እ.ኤ.አ. ልቀጥል ሲሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ እስረኞቹን ሁሉ ለቅቆ ዳኛውን ራሱን ከሰሰ! ምርመራው እንደገና የቀጠለው በጃንዋሪ 2025 ነው። አምስተኛው ሙት ዓመት ሲታሰብ አንድም የተፈረደበት ሰው አልነበረም። "ሁሉም ያውቅ ነበር" ማለት "ማንም አይጠየቅም" ማለት ሆኖ ቀረ።

የተገዛ ፈቃድ

ወደ ቻይና እንሂድ። በኦገስት 2015 የቲያንጂን ወደብ የኬሚካል መጋዘን ፈንድቶ 173 ሰው ሞተ ወይም ደብዛው ጠፋ፤ ከመቶ የማያንሱት እንደ ቤይሩቶቹ ምን እንዳለ ሳያውቁ እሳት ለማጥፋት የገቡ ነበሩ። ደንቡ እንዲህ ያለ መጋዘን ከመኖሪያ ቤት ቢያንስ 1,000 ሜትር ይራቅ ይላል። የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ ግን ከዚያ በጣም ቀርበው ተገኙ። ኩባንያው ደግሞ ከ2014 መጨረሻ እስከ 2015 አጋማሽ አደገኛ ዕቃ የሚይዝበት ፈቃድ ሳይኖረው ሠርቷል። ፈቃዱ ሲመጣስ? የኩባንያው ሊቀ መንበር ለወደብ ሹማምንት ጉቦ ሰጥቶ እንዳገኘው ፍርድ ቤት አረጋገጠ። በ2016 እ.ኤ.አ. 49 ሰዎች ተፈረደባቸው፤ ግማሽ ያህሉ ባለሥልጣናት ነበሩ።

እንግዲህ በቤይሩት ፈቃድ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም፤ በቲያንጂን ፈቃዱ ነበረ፣ ግን እንደ ሰንጋ ተገዛ። "የሻይ" የምንላት ነገር ሻይ ቤት ፈቃድ ላይ ስትገባ ጠጪ ሆድ ቁርጠት ይይዘዋል። ፈንጂ መጋዘን ላይ ስትገባ ሰፈር ይጠፋል። ጉቦውን የተቀበለው ሹም ግን ገንዘቡን ሲቆጥር ሁለቱም አንድ ዓይነት ይመስሉታል።

ወደ ራሳችን አህጉር ስንመለስ፣ በጃንዋሪ 2022 በጋና አፒያቴ በምትባል መንደር አጠገብ ለወርቅ ማዕድን ፈንጂ የጫነ መኪና ከሞተር ብስክሌት ጋር ተጋጨ። መንደሪቱ ከሥሯ ተነቀለች፤ ከ13 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ። የጋና መንግሥት ግን በቀናት ውስጥ የፈንጂ ኩባንያውን የማክሳምን ፈቃድ አገደ፤ የራሱን ዋና የማዕድን ተቆጣጣሪም ከሥራ አገደ። ኩባንያው ለደንብ ጥሰቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት፣ እግዱ እንዲነሣለት ደግሞ ተጨማሪ 5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደረገ። በገንዘብ ተቋጨ ብለን ልንተች እንችላለን፤ የሞተን ሰው ዶላር አይመልሰውም። ቢሆንም ልዩነቱን አስተውሉ። በጋና ፈቃድ የሚባል ነገር ስለነበረ የሚታገድ ነገር ተገኘ። ባለቤት ስለነበረ የሚከፍል ተገኘ። ተቆጣጣሪው በስሙ ስለሚታወቅ እሱም ተጠየቀ። በቤይሩት አንዱም አልተገኘም።

የእኛው ቀን

"ይሄ ሁሉ የሰው አገር ወሬ ነው" ለሚለን ደግሞ የራሳችንን እናስታውሰው። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባ በሳምንቱ፣ በደቡብ አዲስ አበባ የነበረው የጥይትና የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ፈነዳ። በዚያ ዘመን ነፍስ ያወቀ የአዲስ አበባ ሰው ያንን ማለዳ አይረሳውም። ወደ አንድ መቶ የሚጠጋ ሰው መሞቱ በጊዜው ተዘግቧል። የ1977ቱን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው ካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ይህንኑ ሊቀርጽ ሄዶ ግራ እጁን ያጣው በዚያ ቀን ነው። የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ደግሞ ሕይወቱን አጣ።

የእነሱ ስም ታሪክ ላይ ተጽፏል። በግምጃ ቤቱ ዙሪያ በጭቃ ቤት ውስጥ የነበሩት፣ ስማቸው በእድር መዝገብ ላይ ብቻ የቀረው ወገኖቻችንስ? ለመሆኑ ያ ሁሉ ጥይትና ቦምብ ከሰው ሰፈር መሐል ምን ይሠራ ነበር? ማን እዚያ ይቀመጥ አለ? መልሱን የዚያ ዘመን መንግሥት ይዞት ሄደ። ጥያቄው ግን እኛው ዘንድ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። የቤይሩቱ ዕቃ የነበረው በመንግሥት ወደብ፣ በመንግሥት መጋዘን ነው። በጃንዋሪ 2002 በሌጎስ ከተማ ኢኬጃ የፈነዳው የሠራዊቱ ጦር ሰፈር ነው፤ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አለቀ፣ ብዙው በድንጋጤ ሲሮጥ ቦይ ውስጥ ገብቶ የሰጠመ ነበር። በማርች 2012 በብራዛቪል የፈነዳው የሠራዊት ግምጃ ቤት ነው። በማርች 2021 በኢኳቶሪያል ጊኒ ባታ ከተማ ከመቶ በላይ ሰው የፈጀውም ጦር ሰፈር ነው። የአዲስ አበባውም እንደዚሁ። ምን ያሳየናል? መንግሥት ለግል ነጋዴው ፈቃድ ይጽፋል፤ ራሱን ግን ፈቃድ አይጠይቅም! ለግል መጋዘን ተቆጣጣሪ ይልካል፤ ለራሱ መጋዘን "ምስጢር ነው" የሚል ሰሌዳ ይሰቅላል። ነጋዴው በስሕተቱ ይታሰራል፤ መንግሥት በስሕተቱ የሐዘን መግለጫ ያወጣል።

ከተማው ሲሰፋ

"ያን ጊዜ መጋዘኑ የተሠራው ከከተማ ውጪ ነበር፤ ከተማው ነው ወደ እሱ የመጣው" የሚባል መከላከያ አለ። እውነትነት አለው። የፈረንሳዩ ቱሉዝ ታሪክ ይህንኑ ነው የሚለው። ፋብሪካው በ1924 እ.ኤ.አ. ሲተከል ዳር ነበር። ከተማው እያደገ መጥቶ ከበበው። ሴፕቴምበር 21 ቀን 2001 ግቢው ውስጥ የተከማቸው አሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ 31 ሰው ገደለ። ፈረንሳዮቹ ግን ተጸጽተው ብቻ አልቀሩም። በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ በአደገኛ ፋብሪካና መጋዘን ዙሪያ ማን ምን መሥራት እንደሚችል የሚወስን ፕላን እንዲወጣ፣ በጣም የቀረበ ቤት ካለም ለባለቤቱ ካሣ ተከፍሎት እንዲነሣ አደረጉ።

እኛስ? አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ትናንት የስንዴ ማሳ የነበረው ዛሬ ኮንዶሚኒየም እንደሆነ ያውቃል። ትናንት የድንጋይ ካባ የነበረው ዛሬ ትምህርት ቤት ያዋስናል። የቦታ ካርታ የሚሰጠው ክፍል ከፈንጂ ፈቃድ ሰጪው ጋር ካልተነጋገረ፣ አንዱ "500 ሜትር ራቅ" ሲል ሌላው 200 ሜትር ላይ ቦታ ይመራል። ስለዚህ የርቀት ደንብ ሁለት ስለት ሊኖረው ይገባል። መጋዘኑ ወደ ሰው እንዳይጠጋ፣ ሰውም ወደ መጋዘኑ እንዳይመራ! አለበለዚያ ዛሬ ደንቡን ያከበረ ባለ ፈቃድ ከአምስት ዓመት በኋላ ሳይንቀሳቀስ ወንጀለኛ ይሆናል።

ምን ይደረግ ነው የምትሉት?

ደማሚት ይጥፋ አላልንም። ድንጋይ ሳይፈነዳ መንገድ አይወጣም፤ ግድብ አይገደብም፤ ሲሚንቶ ፋብሪካም አይሠራም። ሕግ የለም ብለንም አልተነሣንም። በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጥቶ ጠመንጃ ያለው ሰው ሁሉ ፈቃድ ያውጣ ተብሏል። መልካም። አንድ ጠመንጃ አንድ ሰው ይገድላል፤ አንድ መጋዘን ግን ሰፈር ይገድላል። ለሁለተኛውም የመጀመሪያውን ያህል ይጮህ ነው የምንለው። ጥያቄያችን አምስት ነው።

አንደኛ፣ ፈንጂ ያለበት መጋዘን ሁሉ፣ የግልም ይሁን የመንግሥት፣ በስሙ የሚጠራ አንድ ኀላፊ ይኑረው። "ኮሚቴው"፣ "ማኔጅመንቱ"፣ "የሚመለከተው አካል" የሚባል ነገር አንቀበልም። የሚመለከተው አካል የሚባል ሰው ታስሮ አይተን አናውቅም!

ሁለተኛ፣ የገባውና የወጣው በኪሎ ይመዝገብ፤ የተመዘገበውም በድንገት ይቆጠር። በቤይሩት 2,750 ቶን ነው የገባው። የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. ባደረገው ግምት የፈነዳው ግን ወደ 552 ቶን ብቻ ነው፤ ይህን ሮይተርስ በ2021 እ.ኤ.አ. አውጥቶታል። ቀሪው የት ሄደ? ተሰርቆ ይሆን? ተበትኖ ባሕር ገብቶ ይሆን? ቆጣሪ ስላልነበረ ክርክሩ ሊቋጭ አልቻለም። ከካባ ጎደለች የተባለች አንዲት ካርቶን ደማሚት ነገ ዓሣ አጥማጅ ነኝ ባይ እጅ ወይም ሽፍታ እጅ ትገኛለች። ካልተቆጠረ ደግሞ መጉደሉም አይታወቅም።

ሦስተኛ፣ ርቀቱ ይከበር። ከላይ ብለነዋል፤ አንደግመውም።

አራተኛ፣ ባለቤት ያጣ ዕቃ ቀን ይቆረጥለት። ይህቺ ናት ዋናዋ! የፈቃድ ሕግ የሚያውቀው አመልካቹን ነው። ማመልከቻ ያላስገባውን ዕቃ ማን ያስበው? ጉምሩክ የወረሰው፣ ፍርድ ቤት በኤግዚቢትነት የያዘው፣ ሥራውን ጥሎ የጠፋ ኮንትራክተር ሳይት ላይ ትቶት የሄደው፣ ከጦርነት የተረፈው... ይህ ሁሉ ባለ ፈቃድ የለውም። ዘበኛው ደመወዙ ሲቋረጥ እሱም ይሄዳል። ቆርቆሮው ይነቀላል። ልጆች ይገባሉ። ቁራሌው ብረት መስሎት በጆንያ ይዞ መርካቶ ያወርደዋል። በቤይሩት ያለቀው ሕዝብ ያለቀው በባለ ፈቃድ ዕቃ አይደለም፤ ሁሉም "የእኔ አይደለም" ባለው ዕቃ ነው። ስለዚህ ባለቤት የጠፋበት ፈንጂ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ይወገድ፣ አስወጋጁም እገሌ የሚባል መሥሪያ ቤት ነው፣ ወጪው አስቀድሞ ከፈቃድ አውጪው በመያዣነት ይያዛል የሚል ደንብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ከሌለ ደብዳቤ ብቻ ይጻፋል። ደብዳቤ ምን እንዳመጣ አይተናል።

አምስተኛ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በየክፍለ ከተማቸው ያለውን የአደገኛ ዕቃ መጋዘን ከነዓይነቱ ይወቁ። 939 ደውለን የምንጠራቸው ልጆች የኢትዮጵያ እናቶች ልጆች ናቸው። ወደምን እንደሚገቡ ሳይነገራቸው አይላኩ። ጎረቤትም ቢሆን ሲደወል ወዴት እንደሚሸሽ ይነገረው።

"ምስጢር ነው" ለሚሉን

የምናውቀው መልስ ይመጣል። "ይህን ሁሉ አደባባይ ማውጣት ለሌባና ለአሸባሪ መንገድ ማሳየት ነው" ይባላል። ፍሬ ያለው ሥጋት ነው፤ አናንቋሽሸውም። ቁልፉ የት እንደሚሰቀል፣ ስንት ሣጥን እንዳለ፣ መኪናው በየትኛው ሌሊት እንደሚያልፍ ጋዜጣ ላይ ይውጣ ያለ ሰው የለም። እኛ የምንለው ደንቡ ይታወቅ፤ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ይታወቅ፤ መጋዘኖቹ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመሩበት ቀንና ያልተስተካከለው ጉድለት ለሕዝብ እንደራሴዎች ይቅረብ ነው። ሌባው ከዚህ ምን ያገኛል? ምንም! ሹሙ ግን ከዚህ የሚያጣው አለ፤ መደበቂያውን ያጣል።

ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ ይከናወን ይላል። "ከፈንጂ በስተቀር" የሚል ሐረግ አላየንበትም። የቤይሩት መጋዘን 12 ምስጢርነቱ የተጠበቀው ከማን ነበር? ጉምሩክ ያውቃል፣ ዳኛው ያውቃል፣ ሠራዊቱ ያውቃል፣ ደኅንነቱ ያውቃል፣ በመጨረሻም ፕሬዚዳንቱ ያውቃሉ። ያላወቁት ከወደቡ ማዶ በረንዳ ላይ ቆመው ጭሱን በስልካቸው ሲቀርጹ የነበሩት ነዋሪዎች ብቻ ናቸው። ምስጢሩ የተጠበቀው ከሟቾቹ ነበር!

በየዓመቱ የደመራ ሰሞን ፖሊስ ርችት እንዳይተኮስ ያስጠነቅቀናል። እንሰማለን፤ ልጆቻችንንም እንመክራለን። እኛ በኪሳችን ስላለችው ርችት የመጠየቅ ሥልጣን ያለው መንግሥት፣ እሱ በመጋዘኑ ስላለው ባሩድ ሲጠየቅ ፊቱን ማዞር የለበትም። አበው "ሳይቃጠል በቅጠል" ይላሉ። የቤይሩት ሹማምንት ቅጠሉን ለ6 ዓመት ደብዳቤ ጻፉበት። የእኛዎቹ ዛሬውኑ እሳቱን ያጥፉበት።

ሰሚ ጆሮ ያለው ይስማ!